የሲና አንገት

ኦክቶበር 12፣ እሁድ

ዛሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር፤ የሰማሁትን ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ግን እዚሁ ላስፍረው።

ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አንድ ሰዓት የምንነዳው ለዚህ ነው? ልጄን ሲናን ነጭ ቀሚስ አልብሼ፣ ፀጉሯን ሹሩባ ሠርቼ፣ እጅ እግሯ አመዳም እንዳይመስል ቫዝሊን ቀብቼ ወሰድኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በልጆች መዘምራን ውስጥ ከፊት ረድፍ ነው የምትቆመው፣ ድምጿ ስለሚያምር። ዝማሬው እንዳለቀ ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ሁሉም የሚያከብራቸው እትዬ ጥሩዬ ከአንዲት ሴት ጋር እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ሴትየዋ ስሜን ጠርታ የአይናዲስ ልጅ ድምጿ እንዴት ያምራል አለች። እትዬ ጥሩዬም መለሱ።

«ድምጿስ ሸጋ ነው። አንገቷን ግን አይተሽዋል? እናትየው የሰው አሮጊት ስታጥብ ትውላለች፤ የራሷን ልጅ ማን ይጠብላት።»

ክው አልኩ። የሄድኩበትንም ጉዳይ ሳልፈጽም በመጣሁበት ተመለስኩ። መኪና ውስጥ ባሌ ኩምሳ ምን ሆነሻል አለኝ፤ ራሴን አሞኛል አልኩት።

ቤት ስንገባ የሲናን አንገት ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ከኋላ በኩል ጥቁር፣ ሻካራ፣ እንደ ቀበቶ የዞረ መስመር አለ። ክርኗም፣ የጉልበቷ እጥፋትም እንደዚያው፤ ሲነኩት ነጭ ነጭ ቅርፊት ይረግፋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ራሷን ነው የምትታጠበው። ልጅ ራሷን ስትታጠብ ምኑን ታጥበዋለች? እኔ ደግሞ ሥራ ሥራ እያልኩ አላየሁም። ሰው ሁሉ አይቶት እኔ ብቻ አላየሁትም።

ኦክቶበር 13፣ ሰኞ። ባርት ላይ

ባቡሩ ላይ መቀመጫ አገኘሁ ዛሬ። ዳሊ ሲቲ ሥራ ቦታዬ እስክደርስ ሃምሳ ደቂቃ።

«የራሷን ልጅ ማን ይጠብላት።» ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ

ሚስ ዶሎረስ ዛሬ ሰማንያ አራት ሞላቸው። ቤታቸው እየሄድኩ ስንከባከባቸው ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ቆዳቸው ተልጦ አያውቅም። የቀጠረኝ ድርጅት ሱፐርቫይዘር ዛሬ መጥታ ክንዳቸውን ገልጣ አየችና ሌሎቹን ሠራተኞች እንዲማሩ ወደ አንቺ ልላካቸው አለችኝ። ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ውሃው ለብ ያለ መሆን አለበት፤ በእጄ አንጓ ሳልሞክረው አልጀምርም። ከአሥር ደቂቃ በላይ አይታጠቡም። ሽታ ያለው ሳሙና የለም። ፎጣው አይፈትግም፤ ጫን ጫን እያደረግኩ ውሃውን አስመጥጠዋለሁ። ገላቸው እርጥብ እንዳለ ወፍራሙን ቅባት ከላይ ወደ ታች፣ በቀስታ። ከዚያ ምን እንደሠራሁ ቅጹ ላይ እሞላለሁ። ሱፐርቫይዘሯ ስታመሰግነኝ ደስ አለኝ። እትዬ ጥሩዬን ባሰማኋቸው።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደይ ኦፍ ነኝ፣ ሥራ የለኝም። ሲናን መታጠቢያ ቤት በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና አንገቷንና ክርኗን ራሴ ያዝኩት። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ያ ሻካራው የገላ ጓንት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። በርታ ብዬ ስፈትገው ግን ግራጫ ግራጫ ነገር እየተጠቀለለ መውጣት ጀመረ፣ ላጲስ ሲያጠፉበት እንደሚረግፈው ዓይነት። አየሽ፣ አየሽ ይሄን እድፍ አልኳት፤ ጓንቱን ፊቷ ድረስ አምጥቼ አሳየኋት።

ትንሽ አለቀሰች። ልጅ ውሃ አይወድም።

ኦክቶበር 19፣ እሁድ

አንገቷ ቀላ ብሎ አብረቀረቀ። ቫዝሊን ደረብኩበት። እትዬ ጥሩዬ ራሳቸው መጥተው ጉንጯን ሳሟትና ዛሬማ እንዴት አምሮባታል አሉኝ። ከእግዚአብሔር ቃል ይልቅ ይቺን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ። ባርት ላይ

ጥቁሩ ተመልሶ መጣ። በአራት ቀን። ይህች ልጅ ትምህርት ቤት አፈር ላይ ነው እንዴ የምትውለው? ኖቬምበር 2 የምስጋና ፕሮግራም አለ። መዘምራኑ አዲስ ቀሚስ ይለብሳሉ፣ አንገቱ ሰፊ። ሰው ሁሉ ያያል።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

ሎሚ እድፍ ያወጣል የሚል ነገር ከልጅነቴ አውቃለሁ። ግማሽ ሎሚ አሸሁበት፣ ከዚያ ጓንቱን። ውሃውን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። ኩምሳ ከሳሎን ምንድን ነው ብሎ ጮኸ፤ ሻምፖ ዓይኗ ገብቶ ነው አልኩት።

እኔ ልጅ ሆኜ ክፍል ውስጥ አመዴ ነበር ስሜ። አመዴ ነይ፣ አመዴ ሂጂ። መምህሩ ሳይቀር አንድ ቀን በዚያ ስም ጠርቶኝ ሁሉም ሳቁ። ልጄን ማንም እንደዚያ አይጠራትም። ይህን ብታውቅ ኖሮ ታመሰግነኝ ነበር። ራቷን ሳትበላ ወደ አልጋዋ ሄደች።

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነበር። ክፈቺ አልኩ፤ ቆይታ ከፈተች።

ሙቅ ውሃ። ሎሚ። ጓንት። አይወጣም። ከሥራ ደክሜ ነው የመጣሁት፣ ተናድጄም ነበር። ነገ ፕሮግራሙ ነው። ጨረስን።

ኖቬምበር 2፣ እሁድ

አምሮባት ዘመረች። ሌሎቹ ልጆች ሲቁነጠነጡ እሷ አንገቷን እንኳ ሳታዞር ቀጥ ብላ ቆመች። ፓስተሩ ሳይቀር ረጋ ያለች ልጅ አሏት። እትዬ ጥሩዬ በስልካቸው ሲቀርጹ አየኋቸው። ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ ነበር።

መኪና ውስጥ የወንበሩን መደገፊያ አልደገፈችም። እስከ ኦክላንድ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ መጣች።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ኮል አደረጉ፤ ሚስ ዶሎረስን ምሳ እያበላሁ ነበር። የትምህርት ቤቱ ነርስ ናት። የሲና ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ደም አይተው ወደ እሷ ላኳት። አንገቷ ተልጧል፣ ውሃ ያዠበት ቦታም አለ። ሲናን ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠይቃታለች። ሲናም በእንቅልፌ አክከዋለሁ ብላለች።

ነርሷ ለእኔም ደገመችው። ልጅሽ በእንቅልፏ ታካለች እንዴ አለችኝ።

አዎ፣ በጣም ታካለች አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ማንኪያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሚስ ዶሎረስ እጄን ነካ አድርገው ሾርባው ቀዘቀዘ አሉኝ። ቤት ስገባ ሲናን ለብቻዋ ወስጄ ለምን እንደዚያ አልሽ አልኳት። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። አንቺ ትራብል ውስጥ እንዳትገቢ ነው አለችኝ፣ ጫማዋን እየፈታች፣ የቤት ሥራዋን እንደምትነግረኝ ያህል።  ምን ልላት እችላለሁ? ጎበዝ ልበላት?

ኩምሳ ማታ ወሬውን ሰምቶ ጥፍሯን ቆረጠላት፤ በየእጇ አንዳንድ ካልሲ አጥልቆ ክንዷ ላይ በፕላስተር አሰረው። በእንቅልፏ እንዳታክ። እንደ ቦክሰኛ እጇን አንስታ አሳቀችው። እኔ ፕላስተሩን በመቀስ እየቆረጥኩ አቀበልኩት።

ኖቬምበር 7፣ ዓርብ። ባርት ላይ

ካልሲው። ትናንትም። ዛሬም ኩምሳ ያጠልቅላታል።

ነገ ቅዳሜ ነው። አልነካትም። ጓንቱን ጥያለሁ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሳይሆን ውጭ ትልቁ ገንዳ ውስጥ፣ ኩምሳ እንዳያየው።

ኖቬምበር 9፣ እሁድ

አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠመጠምኩላት። አዳራሹ ሞቃት ነው፣ ማሞቂያው ይነዳል። ሦስት ሰው ሻርፑ ያምራል አለኝ። ሲና አመሰግናለሁ አለች፣ ሦስቱንም ጊዜ በአማርኛ። እናቷን የምትሸፍነው እሷ ሆናለች። ላቧ ቁስሉ ውስጥ ሲገባ ዓይኗን ጨፈን ታደርግ ነበር፤ እኔ ጎኗ ተቀምጬ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ ነበር።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

በርክሌ፣ ዶክተር ጋ። ኩምሳ ሽፍቱን ቀይሮ መጣ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ቸኩላ አትናገርም። አንገቷን፣ ክርኗን፣ የጉልበቷን እጥፋት አየች፤ ኤክዜማ ነው አለች። የእኛው ችፌ መሆኑ ነው። ከሥሩ ደረቅ ቆዳ ነው፤ ውሃ መያዝ ያቅተዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል። ሲታሽና ሲታከክ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ጥቁርነቱ እድፍ አይደለም። እድፍ የሚለውን ቃል ማናችንም አላነሳንም ነበር። አንዳንድ ቤተሰብ እድፍ መስሎት ይፈትገዋል፣ የሚረግፈው ግን የልጁ ቆዳ ነው፣ ሲፈተግ ደግሞ ይብስበታል አለች። ይህን ስትል እኔን አላየችኝም፤ ወረቀቷ ላይ ነበር የምታየው።

ኩምሳ ሳቀ። «ይህን ቁስል ማን ይፈትጋል?» አለ በአማርኛ፣ ወደ እኔ ዞሮ።

ከዚያ ዶክተሯ ሲናን በምን ትታጠቢያለሽ አለቻት። ሲና አንድ ጊዜ አየችኝ። በውሃ ብቻ፣ ራሴ ነኝ የምታጠበው አለች። ዶክተሯ ትንሽ ጠበቀች። ለእኔ ነው የጠበቀችው፤ ገብቶኛል። ቦርሳዬን ከፍቼ የማልፈልገውን ነገር ፈለግኩ።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ። ባርት ላይ

ዶክተሯ የሰጠችንን ወረቀት ይዤ ነው የመጣሁት። ለቁስሉ ለሳምንት የሚቀባ መድኃኒት። ከዚያ፣ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ሙቅ አይሁን። ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። ሽታ ያለው ሳሙና፣ ሎሽን፣ ሽቶ የለም። ፎጣው ጫን ጫን እንጂ አይፈትግም። ገላዋ ሳይደርቅ ወፍራም ቅባት፣ በቀን ሁለት ጊዜ። የመኝታ ቤት ማሞቂያ ዝቅ ይበል። ከጥጥ የተሠራ ልብስ።

ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። በየቀኑ የማደርገው ሥራ ነው፣ የተመሰገንኩበት። የማላውቀው አንድ መስመር ቢኖረው ምን ነበረበት፤ አላውቅም ነበር ብዬ እጽናና ነበር።

ለምን ለሚስ ዶሎረስ እንደዚያ፣ ለልጄ እንደዚህ? ከኦክላንድ እስከ ዳሊ ሲቲ ስጠይቀው መጣሁ። ሚስ ዶሎረስን ማንም አያያቸውም። እሳቸውን የማጥባቸው ለእሳቸው ብዬ ነው። ሲናን ግን ያጠብኳት ለእትዬ ጥሩዬ ነው። ከዚህ ሌላ መልስ አላገኘሁም፤ ይህንንም መጻፍ ያሳፍረኛል።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ቁስሉ እየዳነ ነው። ኩምሳ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይቀባታል። ካልሲውንም አልተወም፤ ሥራ በሚያድርበት ቀን እንኳ አደራ ብሎኝ ይሄዳል። እኔ አጠልቅላታለሁ። እጇን ዘርግታ ትሰጠኛለች። ሁለታችንም እናውቃለን።

ዛሬ ልንገረው ብዬ ነበር። ራት አቀረብኩ፣ አልነገርኩትም። ስለ መኪናው ዘይት አወራን።

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ፣ ታንክስጊቪንግ

የሚስ ዶሎረስ ልጅ ለበዓሉ ከነቤተሰቧ መጣች። ቤቱ ሞላ። እኔ እናቷን አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አልብሼ ይዣቸው ስወጣ ልጃቸው ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው። እጄን በሁለት እጇ ያዘችና ለልጆቿ አሳየቻቸው። አያታችሁ በዚህ ዕድሜያቸው ቆዳቸው እንዲህ የሆነው በእነዚህ እጆች ነው፣ እንደ አይናዲስ እጅ የለሰለሰ እጅ አላየሁም አለች። ሁሉም አጨበጨቡ። አንደኛው ልጅ ሲናን ያክላል።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በፎጣ አፌን ይዤ አለቀስኩ። ያበጠ ዓይኔን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ ወጥቼ ኬክ በላሁ።

ቤት የደረስኩት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ኩምሳ ሲናን አልጋዋ ላይ አስቀምጦ አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሁለተኛውን ይዟል። ኮቴንም አላወለቅኩም።

«ተወው ካልሲውን» አልኩት።

«ለምን?»

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። እድፍ መስሎኝ በሙቅ ውሃና በጓንት ፈተግኳት። ሎሚም አሸሁበት። ሦስት ቅዳሜ።»

ሲና «ማሚ፣ ዶንት» አለችኝ፣ አትናገሪ ማለቷ ነው። ያን ጊዜም ልታድነኝ ነው።

ኩምሳ ካልሲውን አየው፣ እኔን አየኝ። ሃያ ሦስት ሌሊት እጇን አስሮ አስተኝቷታል። ያሰረበትን ፕላስተር በቀስታ ላጠው፣ ካልሲውን አወለቀላት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳማቸው።  ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኖቬምበር 29፣ ቅዳሜ

አያናግረኝም። ሳሎን ነው የሚተኛው። ጠዋት ሲና ወተት ስትቀዳ አባቷን እኔም ዋሽቻለሁ እኮ አለችው። እሱም አንቺ ልጅ ነሽ አላት። ኩሽና ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት።

ዲሴምበር 1፣ ሰኞ። ባርት ላይ

ለዶክተሯ ኮል አደረግኩ። መንግሥት ልጄን ይወስድብኛል ብዬ እየፈራሁ፣ ማካርተር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ሁለት ባርት አለፈኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሎሚውን፣ ጓንቱን፣ ነርሷን መዋሸቴን። ምን ያህል ጊዜ፣ መጨረሻው መቼ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ሐሙስ ሲናን አምጫት፣ ለብቻዋ ላናግራት እፈልጋለሁ አለች። የልጆችን ደኅንነት የምትከታተል ሌላ ባለሙያም ትኖራለች አለች። እሺ አልኩ። ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ አለችኝ በመጨረሻ፤ የሚያጽናና ነገር ግን አልጨመረችም፣ ልክ ናት።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ከዶክተሯ በር ውጭ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ኩምሳ ከጎኔ፣ በመሃላችን አንድ ባዶ ወንበር። ከውስጥ የሲና ድምጽ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ብዙ ነው ያወራችው። ለእኔ እንደዚያ አውርታልኝ አታውቅም።

ዶክተሯና ባለሙያዋ እኛን ለየብቻ፣ ከዚያም አንድ ላይ አናገሩን። ልጅቷ ቤቷ ትመለሳለች። በየሁለት ሳምንቱ እንመጣለን፤ እኔ ደግሞ ከባለሙያዋ ጋር ስድስት ጊዜ እገናኛለሁ። ሲና አንድ ነገር ጠይቃለች፤ ቅባቱን አባቷ እንዲቀባት። እናቷ እንዳትነካት።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን መብት አለኝ።

ዲሴምበር 7፣ እሁድ

ሲና ሻርፕ አላደርግም አለች። ግድ የለም አልኳት። አንገቷ ድኗል፤ ጥቁሩ ግን አለ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው ተብለናል። ከፊት ረድፍ ቆማ ዘመረች።

ከፕሮግራም በኋላ እትዬ ጥሩዬ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ለደግ ነው ያሰቡት፣ አሁን ሳስበው።

«አይኔ፣ አትቀየሚኝ እንደ እናትሽ ነኝ። ጥሩ የገላ ጓንት አለኝ፣ ልስጥሽ? ያን አንገቷን ጥርግ ነው የሚያደርገው።»

«እትዬ፣ እድፍ አይደለም። ችፌ ነው፣ የቆዳ ድርቀት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተናገሩትን ሰምቼ ፈትጌ ፈትጌ ያቆሰልኳት እኔ ነኝ። እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ።»

እንዲሰሙኝ ብዬ ጮክ አልኩ መሰለኝ፤ ሁለት ሴቶች ዞሩ። ፊቴ ነደደ። እትዬ ጥሩዬ ክንዴን ለቀቁና የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«እድፍ አልነበረም?» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። «ዮሚፍን እኔ በድንጋይ ነበር የምፈትገው። የእግር ድንጋይ። ክርኑን። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ።»

ዮሚፍ ልጃቸው ነው፤ ሠላሳ ሊሞላው ነው፣ ሳክራሜንቶ ይኖራል፣ ለበዓል እንኳ ብዙ አይመጣም።  አጠገባቸው ቆምኩ ብቻ።

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

ማሞቂያውን ዝቅ አድርገን ነው የምንተኛው፤ ብርድ ልብስ ጨምረናል። ኩምሳ ቅባቱን ሲቀባት ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። መግባት ስለማይፈቀድልኝ እንጂ ሥራ ስላለኝ አይደለም። ይበዛል የሚቀባት፤ እንደ ዳቦ ላይ ማርማላታ ነው። ልናገር እልና አፌን እይዛለሁ። ዛሬ ከውስጥ ፎጣ አቀብዪኝ አለኝ። ከታንክስጊቪንግ ወዲህ ቀጥታ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። በበሩ ክፍተት እጄን አሾልኬ ሰጠሁት።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

ኩምሳ ሳን ሆዜ ሽፍት ገብቷል፤ የሚሠራበት የኮምፒውተር ማዕከል ቅዳሜ አያውቅም። ሲና ራሷ ታጠበች። በሩን አልቆለፈችም። ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ የቅባቱን ጣሳ ይዛ ሳሎን መጣች። ክንዷንና ጉልበቷን ራሷ ቀብታዋለች። የአንገቷን ኋላ ማየት አልቻለችም።

ከፊቴ ወለሉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ስቶፕ ካልኩሽ ታቆሚያለሽ አለችኝ በእንግሊዝኛ። እሺ አልኳት።

እጄን አሞቅኩ። ቅባቱን በሁለት ጣቴ ወስጄ ገና ሳልነካት ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ጠበቅኩ። ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ ጊዜ ብቻ አሳለፍኩ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ስቶፕ አለች። እጄን አነሳሁ። ምንም አላመማትም፤ አውቃለሁ፣ የሰው ቆዳ ሲያም እጄ ያውቀዋል።  ኦኬ አለች። ቀጠልኩ። ስቶፕ። አነሳሁ። ኦኬ። ቀጠልኩ። ሦስተኛውን ስቶፕ ስትል አንገቷን ዞር አድርጋ እጄ የት እንዳለ አየች። ጭኔ ላይ ነበር። ሳልነካት ብዙ ተቀመጥን። ከዚያ ጣሳውን ከደነች፤ ታንክስ ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች።

አሁን ለብቻዬ ነኝ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩት። ኦክቶበር 18፣ ኦክቶበር 25፣ ኖቬምበር 1። ውሃውን ጽፌያለሁ፣ ሎሚውን ጽፌያለሁ፣ ድካሜን ጽፌያለሁ። ሲና አቁሚ ማለቷን አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ብላ ነበር። ሦስቱንም ቅዳሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ «ማሚ በቃ፣ በናትሽ በቃ» ትለኝ ነበር፣ በደንብ እንዲገባኝ በአማርኛ።